ቁጭ... ብድግ! (የሃያ ኪሎ ወግ)

ዛሬ ስለ ኑሮ ውድነት አናወራም (እሱ በየገበያው ራሱ ያወራችኋል)። ስለ ፖለቲካም አናወራም። የዛሬው ወጋችን ስለ ቁጭ ብድግ ነው። አዎ፣ ያው የምታውቁት ቁጭ ብድግ! ጆሮ ተይዞ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ተወርዶ የሚነሳው።

በቅድሚያ «እኛ» ማን እንደሆንን እንንገራችሁ። እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። ተወልደን ያደግነው ሺሺንዳ ነው። ሺሺንዳን ለማታውቁ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይሰለቻት የካፋ ከተማ ናት። ታላቅየዋ አካውንቲንግ ተምራ የሰው ብር ትቆጥራለች። ይህንን የምትጽፈው ታናሽየዋ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተመርቃ የሰው ወሬ ትቆጥራለች። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን በአንድ ሳህን እንበላለን፣ በአንድ ቻርጀር እንጣላለን። ስለዚህ «እኛ» ስንል እንደ ንጉሥ እየተናገርን አይደለም። በእውነትም ሁለት ነን።

ከቁጭ ብድግ ጋር የተዋወቅነው ሰልፍ ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት ባንዲራ ከመሰቀሉ በፊት ያልደረሰ ተማሪ ለብቻው ይሰለፋል። ከዚያ የታወቀው ትእዛዝ ይመጣል። «ጆሮ ያዝ! ቁጭ! ብድግ! ቁጭ! ብድግ!» ሠላሳ ጊዜ። ሰውየው የተቆጣ ቀን ደግሞ ሃምሳ። ዝናብ ሲጥል ያደረ ሜዳ ላይ፣ በፕላስቲክ ጫማ፣ ጭቃው እያንሸራተተን። የምናረፍደው ለምን ነበር? ከትምህርት በፊት ምንጭ ወርደን ውሃ መቅዳት ስላለብን ነው። ውሃ ስለተሸከምን ቁጭ ብድግ ተቀጣን ማለት ነው። ያኔ ግን እንዲህ አድርገን አላሰብነውም። ያሰብነው ጭንና ጭናችን ሲንቀጠቀጥ የክፍላችን ልጆች እንዳይስቁብን ብቻ ነበር።

ኋላ ታናሽየዋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ሕግ ስትማር አንድ ነገር አየች። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። እኛ የተወለድነው ከሕጉ በኋላ ነው። ሕጉ ግን እኛ ጋ ሲደርስ እንደ እኛው ሳያረፍድ አልቀረም። (እሱን ማን ቁጭ ብድግ ያሰራው!)

ከዚያ ሁሉ ሠላሳና ሃምሳ ውስጥ አንድም ቀን «እንዲህ አድርጋችሁ ውረዱ፣ እንዲህ አድርጋችሁ ተነሱ» ያለን ሰው የለም። ዋናው ቁጥሩ ነበር። ይህቺን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

*

ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቁጭ ብድግ በገንዘባችን ገዛነው። ስሙ ብቻ ተቀይሮ ጠበቀን፤ «ስኳት»።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለታችንም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነን። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን እንሄዳለን፣ ቢሮ ተቀምጠን እንውላለን፣ ማታ አልጋ ላይ ተቀምጠን ስልክ እንጎረጉራለን። በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆነን ከወንበር ስንነሳ እንደ አሮጊት «እህህ» ማለት ጀመርን። ታላቅየዋ «ወገቤን» ስትል ታናሽየዋ «ጉልበቴን» ትላለች። በመጨረሻ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ጂም ተመዘገብን። ሙዚቃው ከፎቁ ይጮኻል፣ መስታወቱ ከግድግዳ ግድግዳ ነው፣ የላብ ሽታውም በነጻ ነው።

አሰልጣኙ ወጣት ነው፤ ትከሻው በበር የሚገባው በወርዱ ነው። «እህቶቼ፣ ዛሬ እግር ነው!» አለና ወደ አንድ ረጅም ብረት ወሰደን። ብረቱ ጫፍና ጫፉ ላይ ምንም የለም።

«ይሄ ባዶው ነው። ሃያ ኪሎ ብቻ» አለን።

ሃያ ኪሎ «ብቻ»! «ባዶ» የሚባል ሃያ ኪሎ አይተን አናውቅም። እርስ በርስ ተያየን። ትከሻችን ላይ ሲያርፍ ሁለታችንም እናታችንን ጠራን። ብረቱ ይዞን ወረደ ማለት ይቀላል እንጂ እኛ ይዘነው ወረድን አንልም። ግን ተነሳን። አሰልጣኙም «ጎበዝ! አንድ ተጨማሪ!» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቁጥር ታሪክ ነው። ታላቅየዋ ሒሳብ ሠራተኛ አይደለች? ኤክሴል ከፈተች። በሁለተኛው ሳምንት ሃያ አምስት፣ በአራተኛው ሠላሳ፣ ከዚያ አርባ... በሦስተኛው ወር ሃምሳ ኪሎ ገባን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እያሳሳቀ ወሰደን። አንዷ ስትሠራ ሌላዋ በስልክ ትቀርጻለች። ቪዲዮውን ስናይ የምናየው ኪሎውን ነው። ጎን ለጎን የምትሠራውን ልጅ «ስንት አነሳች?» ብለን እናያለን። እንዴት እንዳነሳች ግን አላየንም። የሰልፍ ሜዳው ቁጥር ተከትሎን ፎቅ ወጥቷል። ልዩነቱ፣ አሁን ቆጣሪዎቹ እኛው መሆናችን ነው።

አንድ ሐሙስ ማታ ታናሽየዋ ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ውላ፣ ምሳ ዘላ፣ ሳታሟሙቅ ብረቱ ሥር ገባች። ስድስተኛው ላይ ተረከዟ ከመሬት ተነሳ። ጉልበቶቿ ሊሳሳሙ ወደ ውስጥ ተጠጉ። ታችኛው ወገቧ እንደ ቀስት ጎበጠ። ይህንን ሁሉ የምናውቀው ከቪዲዮው ነው፤ በወቅቱ የተሰማን «ቀጭ» የሚል ነገር ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ሮጠው ብረቱን ከላይዋ አነሱት። አሰልጣኙ «ትንሽ ነገር ነው፣ አሙቂው» አለ። የፎቁን ደረጃ ግን ቁጭ ብላ ነው የወረደችው፤ አንድ አንድ ደረጃ፣ እንደ ሕፃን።

አሥር ቀን ተኛች። ታላቅየዋ ካልሲ አጠለቀችላት፣ ፀጉሯን አጠበችላት፣ ኤክሴሉን ደግሞ ዘጋችው።

*

ከአሥር ቀን በኋላ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄድን። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ወገቧን መረመሩ፣ እግሯን አነሱ፣ በመርፌ ጫፍ ጣቶቿን ነካ ነካ አደረጉ። «ጡንቻና ጅማት ነው፣ ይድናል» አሉን። እፎይ ስንል ደግሞ «እስቲ ሁለታችሁም ቁጢጥ በሉ» አሉ።

ቁጢጥ ለማለት ሞከርን። ታላቅየዋ ግማሽ ላይ ቆመች። ታናሽየዋ ተረከዟ ተነስቶ ወደ ኋላ ልትወድቅ ስትል ግድግዳ ያዘች። እሳቸውም ሳቁና «ብረት ሳይኖር መውረድ ያቃተው ሰው ሃምሳ ኪሎ ተሸክሞ ሊወርድ ነበር?» አሉን። አፈርን። ጆሯችንን ልንይዝ ምንም አልቀረንም!

ከዚያ ማንም አስተምሮን የማያውቀውን አስተማሩን። እንዳስተማሩን እንንገራችሁ።

«የእግራችሁ መዳፍ ሦስት ጉልቻ ነው» አሉ። «አንዱ ከአውራ ጣት ሥር፣ አንዱ ከትንሿ ጣት ሥር፣ አንዱ ተረከዝ። ከሦስቱ አንዱ ከተነሳ ድስቱ ይደፋል።» እግር በትከሻ ስፋት ልክ ይከፈታል፤ ጣቶች በመጠኑ ወደ ውጭ ይዞራሉ። ሲወረድ ዳሌና ጉልበት አብረው ይታጠፋሉ። ጉልበት የእግር ጣቶች ወደሚያዩበት አቅጣጫ ይሄዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይወድቅም። ጀርባ ከዳሌ እስከ አንገት እንደ አንድ እንጨት ሆኖ ይወርዳል። ታችኛው ወገብ ሊጎብጥ ሲጀምር፣ የዛሬው ጥልቀታችሁ እዚያው ድረስ ነው። ጎረቤት ከዚያ በታች ወረደ ተብሎ አይወረድም።

ትንፋሽም ሥርዓት አለው። ከመውረዳችሁ በፊት አየር ወደ ሆድ ትስባላችሁ፤ ሰው ሆዳችሁን ሊመታ የመጣ ይመስል ዙሪያውን ታጠብቃላችሁ፤ ስትነሱ እያወጣችሁ ትነሳላችሁ። በጣም ከባድ ክብደት የሚያነሱ ስፖርተኞች ትንፋሻቸውን ለአፍታ ይይዛሉ። ጀማሪ፣ ነፍሰ ጡር፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ትንፋሽ አፍኖ መግፋት የለበትም። ይህቺን የትንፋሽ ነገርም ያዙልን።

«ታዲያ ጉልበታችን ከእግር ጣታችን ማለፍ የለበትም አይደል?» አልን፤ ጂም ውስጥ ሲባል የሰማነውን። «ማን አላችሁ?» አሉ። ታናሽየዋ የጋዜጠኝነት አመሏ ተነሳና ተኝታ ስልኳን ስትጎረጉር ሰነበተች። ፍርሃቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ካርል ክላይን የሚባሉ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጥልቅ ስኳት የጉልበትን ጅማት ያላላል አሉ፤ ዓለም ፈራ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን አላረጋገጡትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሌሎች አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰባት ወንዶችን ሁለት ዓይነት አሠሯቸው፤ አንዴ በነጻነት፣ አንዴ ጉልበታቸው ወደ ፊት እንዳያልፍ ሳንቃ ገትረውላቸው። ሳንቃው ሲኖር ጉልበት ላይ ያለው ጫና በአምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ዳሌ በኩል ያለው ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ሰዎቹም ይበልጥ ወደ ፊት አጎነበሱ። ጉልበትን አዳንኩ ሲሉ ሸክሙን ወደ ዳሌና ወገብ ማዛወር ማለት ነው። ጭኑ ረጅም የሆነ ሰው ጉልበቱ ቢያልፍ ተፈጥሮው ነው። ዋናው ተረከዙ መሬት መሆኑ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጡን ልምምድ ብረት የለበትም። ከወንበር ላይ እጅ ሳይደገፉ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ ስምንት ስምንት፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። (የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ይሥራ ይላል።) ወንበሩ ሲቀል ዝቅ ወዳለ አግዳሚ፣ ከዚያ ወደ በርጩማ፣ ከዚያ ያለ ምንም። ቁርጭምጭሚቱ የደረቀ ሰው ተረከዙ ሥር ቀጭን ጣውላ ቢያደርግ ነውር የለውም። እሱ ሁሉ ሲያልፍ ብቻ ብረት። ብረት ሲባልም፣ ማስቀመጫው ላይ ያሉት የደኅንነት ብረቶች ከመጨረሻው ዝቅታ ትንሽ ዝቅ ብለው ይታሰራሉ፤ ቢያቅት ክብደቱ እነሱ ላይ ያርፋል። በእኛ ላይ ያ ሁሉ ሲደርስ እነዚያ ብረቶች ጥግ ላይ ተደግፈው ቆመው ነበር። ምን እንደሆኑ ጠይቀን አናውቅም።

«ጡንቻ ሲቃጠል ሥራ ነው። ስል ሕመም፣ ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ፣ ሽንት መቆጣጠር ማቃት ከመጣ ግን ልምምድ የለም፤ ሐኪም ነው» አሉና ሸኙን። ለሁለት ወር እንደ ሕፃን ከወንበር መነሳት ተማርን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? እንቁላሎቹ እኛ ነን።

*

እናላችሁ፣ የቡና ለቀማ ሰሞን ፈቃድ ወስደን አገር ቤት ገባን። በጅማ አድርጎ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሺሺንዳ፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ቁጭ ብሎ መሄድ ነው። ስንወርድ ወገባችን እንደ ሰም ደርቋል።

እማዬ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብላ ቡና ትለቅማለች። ሰፌዱ ላይ ያለውን የተበላሸ ፍሬ ከጥሩው ትለያለች። ተረከዟ መሬት፣ ጀርባዋ ቀጥ፣ ጉልበቷ ከጣቷ አልፎ... ቆመን አየናት። የሳምነው ኋላ ነው። ሦስት ወር ጂም፣ ሁለት ወር ፊዚዮቴራፒ የከፈልንበት ነገር ደጅ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቡና ይለቅማል! ከዚያ በኋላ ዓይናችን ሌላ ነገር ማየት አቃተው። የጎረቤት ሴቶች ሳፋ ላይ ልብስ ሲያጥቡ፣ ሕፃን ወድቆ የተንከባለለ ሎሚ ሲያነሳ፣ አያታችን ምድጃ ሥር እሳት ሲቆሰቁሱ፤ ሁሉም ቁጢጥ፣ ሁሉም ተረከዝ መሬት። እኛም ይህንን እዚሁ ነበር የምናውቀው። ወንበር ወሰደብን።

«እማዬ፣ ይሄንን አዲስ አበባ በብር ነው የሚማሩት» አልናት።

«ምኑን?»

«ቁጢጥ ማለቱን።»

ለጎረቤቶቿ በካፊኖኖ ነገረቻቸው። ግቢው በሳቅ ተሞላ። አንደኛዋማ «ታዲያ ለእኛ ስንት ይከፈለናል?» አለች።

በማግስቱ ምንጭ አብረናት ወረድን። ቢጫው ጀሪካን ሞላ። ታናሽየዋ ልታነሳው እጇን ስትሰድ ታላቅየዋ ጀሪካኑ ላይ የታተመውን አየች፤ 20 ሊትር። ውሃ ደግሞ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችን።

«ባዶው ብረት!» አለች።

አዎ፣ ባዶው ብረት። ያ «እናቴን» ያስባለን ሃያ ኪሎ። እማዬ በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ በጭቃ ዳገት፣ ያለ መስታወት፣ ያለ ሙዚቃ የምታነሳው። «ጎበዝ! አንድ ተጨማሪ!» የሚላት የለም። ተጨማሪው ግን ሁልጊዜ አለ።

ወዲያው ሐሳብ መጣልን። ስለ ትክክለኛ ስኳት ለዚህ ገጽ ልንጽፍ አይደል? ከእማዬ የተሻለ አስተማሪ ከየት ይመጣል? ስልካችንን አወጣን። እማዬም አፍራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እሺ ቅረጹኝ» አለች። ጀሪካኑን ድንጋይ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ቁጢጥ አለች፤ ገመዱን በትከሻዋ አሳልፋ ደረቷ ላይ ያዘች፤ ትንሽ ጎንበስ አለችና ተነሳች። እግሯ ሥር ያሉት ሦስት ጉልቻዎች አልተነቃነቁም። በልባችን የጽሑፉን ርእስ ሁሉ አውጥተናል፤ «ያልተከፈላት አሰልጣኝ»።

*

ማታ እራት በልተን ቪዲዮውን በዝግታ ከፈትነው። ተረከዝ፣ ግሩም። ጉልበት፣ ግሩም። ጀርባ፣ ግሩም። ከዚያ ታላቅየዋ «ቆይ፣ መልሺው» አለች።

መለስነው። ልትነሳ ስትል እማዬ ትንፋሿን ታፍናለች። ፊቷ ይጨማደዳል። ግራ እጇም ገመዱን ትለቅና ሆዷ ሥር ትገባለች፤ ዝቅ ብላ፣ የሚወርድ ነገር እንደሚደግፍ ሰው። ተነስታ ስትቆም እጇ ወደ ገመዱ ይመለሳል። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አናየውም ነበር። ወገባችን ባይጎዳ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ስለ ትንፋሽ ባያስተምሩን፣ እናታችንን በዚያ ዓይን አናያትም ነበር።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ እጅሽን ለምንድነው?» አልናት።

ስልኩን አየችው። ዝም አለች። ከዚያ ወንድማችን መውጣቱን አረጋገጠች።

«መውረዱ አይደለም እኔን የሚያስቸግረኝ» አለች። «መነሳቱ ነው።»

የመጨረሻ ልጇን፣ ወንድማችንን፣ ከወለደች ጀምሮ ነው። የአራስነት ወጓን ሳትጨርስ፣ ገና አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላት፣ አባታችን ታሞ ነበርና ውሃ ወረደች። ከዚያ በኋላ ከባድ ስታነሳ ከታች አንድ ነገር ይከብዳታል፤ ይወርድባታል። ስታስነጥስ ሽንት ያመልጣታል። ዓመት አይደለም፣ ሁለት ዓመት አይደለም፤ አሥራ ሦስት ዓመት። «ለማን እላለሁ? ሴት ሁሉ እንዲህ ነው» አለች። እኛስ የት ነበርን? እዚያው። አብረናት ውሃ እየቀዳን፣ እያረፈድን፣ ጆሯችንን ይዘን። ቁጭ ብድግ ለእኛ ቅጣት መሆኑን ስናማርር ለእሷ ምን እንደነበረ አልጠየቅናትም።

ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን። አዋላጇ ሲስተር እማዬን ለብቻዋ አነጋገረቻት፣ መረመረቻት፤ ኋላ እኛንም በፈቃዷ ጠራችን። ማህፀንንና ፊኛን ከሥር ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎችና ጅማቶች አሉ። ብዙ መውለድ፣ የረዘመ ምጥ፣ ሳያገግሙ ከባድ መሸከም፣ የማይለቅ ሳልና ድርቀት ያላሏቸዋል። ሲላሉ ማህፀን ዝቅ ይላል። ትንፋሽ አፍኖ ሸክም መግፋት ደግሞ ሁሉንም ወደ ታች ይጫናል። «የማህፀን መውጣት» የሚባለው ይኸው ነው። ገና ከሆነ በልምምድና ሸክም በመቀነስ ይያዛል፤ ከፍ ሲል ከውስጥ የሚደግፍ ቀለበት አለ፤ ከባሰ ቀዶ ሕክምና አለ። ሲስተር ከሁሉ ያሳዘናት አንድ ነገር መሆኑን ነገረችን። ሴቶቹ የሚመጡት ሕመሙ ሳይሆን እፍረቱ ሲያልቅባቸው ነው።

የእማዬ ገና ነው ተባለ። ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ቦንጋ ተጻፈላት፤ እዚያም ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም አሏት። ከሥር ያሉትን ጡንቻዎች፣ ሽንት እንደሚያቆም ሰው፣ ጨብጦ መልቀቅን አስተማሯት። ሃያውን ኪሎ ደግሞ ከለከሏት።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ስለ ትክክለኛ ፎርም ይህንን ሁሉ ጻፍን፤ አንድም ቃል አናነሳም። ግን እማዬ ፎርሟ ከአሰልጣኛችን ይበልጣል። ያልነበራት ፎርም አይደለም። ያልነበራት እረፍት ነው። ያልነበራት «ዛሬ ይበቃል» የማለት መብት ነው። ጂም ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር መስታወቱ አይደለም፤ ብረቱን መልሶ መስቀል መቻሉ ነው። ከአራስ ቤት የወጣች ሴት ጀሪካኑን የምትሰቅልበት የላትም። አንድ ሰው ካልተቀበላት በቀር።

ስለዚህ ተቀባይ ፈለግን። ሩቅ አልሄድንም። ወንድማችን አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኳስ ሲጫወት ይውላል። ውሃ ግን ቀድቶ አያውቅም። ለምን? «ወንድ ነዋ!» እማዬ ራሷ «ተዉት፣ ያፍራል» አለች። ታላቅየዋ ግን ሒሳቡን አቀረበችለት፤ በቀን ስንት ሊትር፣ በሳምንት ስንት ኪሎ፣ በአሥራ ሦስት ዓመት ስንት። ቁጥሩን ሲሰማ ዝም አለ። (ኤክሴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነገር ሠራ!) ሃያው ሊትር ለእሱም ስለሚከብድ ሁለት ባለ አምስት ሊትር ገዛንለት። ቁጢጥ ማለቱን ያስተማረችው እማዬ ናት። «ተረከዝህን! ተረከዝህን እያልኩህ!» ስትለው ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር የተማከሩ ይመስላል። የቀረውን ውሃ አባታችን በጋሪ ያስመጣል። ቀድሞም ማስመጣት ይቻል ነበር። ማንም አላሰበውም።

የመጀመሪያው ጠዋት ወንድማችን ሁለቱን ጀሪካን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ የሰፈር ልጆች ሳቁበት። እኛ ያንን ሳቅ ከሰልፍ ሜዳ እናውቀዋለን። አላቆመም፤ ወጣ።

እኛስ? እኛ አዲስ አበባ ተመልሰናል። ጂም ቀይረናል ብለን አንዋሽም፤ ብር የለንም። እዚያው ነን። ግን ከመግባታችን በፊት እናሟሙቃለን፣ የደኅንነት ብረቶቹን ራሳችን እናስራለን፣ አንዷ ስትሠራ ሌላዋ የምታየው ተረከዝና ወገብ ነው። «አንድ ተጨማሪ!» ሲባል «ይበቃል» ማለት ተምረናል። አሰልጣኙ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ አሁን ለአዲስ ገቢዎች «መጀመሪያ ቁጢጥ በሉ እስቲ» ሲል ሰምተነዋል። በሦስት ወር ሃምሳ የገባን ሰዎች ዛሬ ሠላሳ ላይ ነን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኛም ያፈሰስነውን እየለቀምን ነው።

እማዬ ይህንን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች። «ጻፉት። ስሜን ግን ተዉት። ያነበበው ሰው እናቱን ይጠይቅ» አለች። እንግዲህ አደራዋን አድርሰናል። ዛሬ ማታ ቤት ስትደውሉ «ደህና ነሽ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። ደህና ነኝ ነው የምትላችሁ። «ከባድ ስታነሺ ምን ይሰማሻል?» በሏት።

ትናንት ስንደውል እማዬ ስልኩን ያነሳችው ቆይታ ነው። ለምን እንደቆየች ስንጠይቃት በርጩማዋ ላይ እየተነሳችና እየተቀመጠች እንደነበር ነገረችን። ስምንት ስምንት፣ ሦስት ዙር፣ ትንፋሽ እያወጣች።

«ስድስተኛው ላይ ነበርኩ፤ አቋረጣችሁኝ» አለች።

ቸር ሰንብቱልን!